ማተብና ኅሊና

ስለ ክርስቲያናዊ ሐቀኝነት በተነሣ ቁጥር ሐሳባችን ፈጥኖ የሚሄደው ወደ ታላላቆቹ ቀኖች ነው። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን «ሽፍታ» ብለው እንዲያወግዙ በፋሺስቶች ቢጠየቁ አሻፈረኝ ብለው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት መገደላቸውን እናስታውሳለን። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ከመንበራቸው ተነሥተው ከታሰሩ በኋላ በ1971 ዓ.ም. መገደላቸውን እናስታውሳለን። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ መንጋቸውን ጥለው ለመሄድ ባለመፍቀዳቸው፣ ሐምሌ 21 ቀን ታፍነው ተወስደው እንደ ተገደሉ፣ አፅማቸውም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ እንደ ሆነ እናስታውሳለን።

የእነዚህን ሰዎች መታሰቢያ መጠበቅ ግዴታችን ነው። ሆኖም መታሰቢያው ራሱ ሳናስበው አንድ ስሕተት ሊያስተምረን ይችላል፤ ይኸውም ሐቀኝነት ማለት ጠመንጃ ፊት ቆሞ እምቢ ማለት ብቻ ነው የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ ጠመንጃው እስኪመጣ ድረስ ያለው ጊዜ፣ ማለትም የአብዛኞቻችን ዕድሜ በሙሉ፣ ከሒሳብ ውጪ ይሆናል። ሰማዕትነትን በሩቁ እያደነቅን በቅርባችን ያለውን ትንሹን እውነት ያለ ምንም ጸጸት እንሸጣለን።

በስደት ለምንኖር ተማሪዎችና ሠራተኞች ፈተናው የሚመጣው በጠመንጃ አፍ አይደለም። የጥገኝነት ማመልከቻ ሆኖ፣ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ሆኖ፣ የፈተና ወረቀት ሆኖ፣ የማኅበር ገንዘብ ደረሰኝ ሆኖ፣ ስለ ወንድማችን በቡና ላይ የተነሣ ወሬ ሆኖ ይመጣል። በዚያች ደቂቃ የሚያየን የለም። ታሪክም አይጽፈውም።

የጴጥሮስ ሐዋርያ ታሪክ በዚህ ረገድ ልብ ልንለው የሚገባ ነው። ጌታው ሊያዝ በመጡበት ሌሊት ሰይፍ መዝዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ጆሮ ቆርጧል፤ ስለዚህ ለታላቁ ቀን የተዘጋጀ፣ ድፍረትም ያልጎደለው ሰው ነበር። የወደቀው ግን በጲላጦስ ችሎት ፊት አይደለም። በግቢ ውስጥ እሳት እየሞቀ ሳለ አንዲት ገረድ እንደ ዋዛ ባነሣችው ጥያቄ ነው የወደቀው። ጥያቄውም ስለ ሃይማኖት ምሥጢር ሳይሆን ከማን ጋር እንደ ነበረ ብቻ ነበር። በመጨረሻም ያጋለጠው አነጋገሩ ነው፤ የገሊላ ሰው መሆኑ በኢየሩሳሌም ከአፉ ታወቀበት። አፉን በከፈተ ቁጥር ከየት እንደ መጣ የሚታወቅበት ስደተኛ ይህን ታሪክ ለመረዳት ሰፊ ትርጓሜ አያሻውም። ለሰይፍ የተዘጋጀ ሰው ለገረዲቱ ጥያቄ ሳይዘጋጅ ሊገኝ ይችላል።

እንግዲህ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ማንም በማያውቀን፣ ማንም በማይታዘበን አገር፣ በተራ ቀንና በተራ ጥያቄ ፊት እውነተኛ ሆኖ መኖር ከምን ይመነጫል?

መልሱን ፍለጋ ከራሳችን ቋንቋ ብንጀምር ይበጃል። በአማርኛ ሰው በእግዚአብሔር ላይ ያለው እምነትና ሰው በሰው ላይ ያለው እምነት በአንድ ቃል ይጠራሉ። «አማኝ»ና «ታማኝ» ከአንድ ግሥ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ጸሎታችንን የምንዘጋበት «አሜን»ም ከዚያው ከሴማውያን ቋንቋዎች የጋራ ሥር የበቀለ ነው። አባቶቻችን ቋንቋውን ሲያወርሱን አማኝ ሆኖ ታማኝ አለመሆን እንደማይቻል አብረው ያወረሱን ይመስላል።

ከዚህም የበለጠ ግልጽ የሆነው «ማተብ» የሚለው ቃል ነው። ማተብ በጥምቀት ዕለት በሕፃኑ አንገት ላይ የሚታሰር ክር ነው። በአነጋገራችን ውስጥ ግን ክርነቱ ቀርቶ የሰውየውን ቃል የሚመለከት ሆኗል። የሚታመነውን ሰው «ማተብ ያለው» እንለዋለን፤ ቃሉን የሚያጥፈውን፣ አደራ የሚበላውን «ማተብ የሌለው» እንለዋለን። «በማተቤ» ብሎ የማለ ሰው ምስክር አይጠየቅም ነበር። የአንገቱ ክርና የአፉ ቃል አንድ ናቸው፤ አንዱን የበጠሰ ሌላውንም በጥሷል ማለት ነው።

ሆኖም ማተብ የሚታይ ምልክት መሆኑን መዘንጋት የለብንም። የሚታየው ደግሞ ለጎረቤት፣ ለዕድርተኛ፣ ለነፍስ አባት፣ ለገበያተኛ ነው። በአገራችን የሰውን ግብረ ገብ ከጠበቁት ኃይሎች አንዱ ይሉኝታ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ቃሉ ራሱ «ይሉኛል» ከሚለው የወጣ ሲሆን ሰው በሌሎች ዓይን ራሱን የሚያይበት መስተዋት ነው። ይሉኝታ በጎ ሥራ ሠርቷል፤ አዛውንት እንዲከበሩ፣ ብድር እንዲመለስ፣ ልጅ ያለ ጠባቂ እንዳይቀር አድርጓል። ክፉም ሠርቷል፤ የሌለንን አለን ብለን እንድንደግስ፣ ያላመንንበትን ነገር በአዎንታ ራሳችንን ነቅንቀን እንድናሳልፍ፣ በደልን እያየን ዝም እንድንል አስተምሯል። ስለዚህ ይሉኝታ የእውነት ጠባቂ የሚሆነው ጎረቤት እውነትን በሚያከብርበት ጊዜ ብቻ ነው። ጎረቤት ሐሰትን ሲያከብር ይሉኝታም ከሐሰት ጋር ያብራል።

ስደት የሚያደርገው አንድ ነገር ይህን መስተዋት መስበር ነው። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በፍራንክፉርት ወይም በሪያድ ጎዳና ላይ የማን ልጅ እንደ ሆንን የሚጠይቅ የለም። የአባታችን ስም ቅጽ ላይ የሚሞላ ቦታ እንጂ የምንፈራውና የምናፍርበት ክብር አይደለም። ይህ ነፃነት ነው፤ ፈተናም ነው። ለብዙ ዓመታት «ጥሩ ሰው» ያሰኘን ነገር የራሳችን ኅሊና ይሁን ወይም የጎረቤት ዓይን የሚለየው እዚህ ነው። አጥሩ ሲፈርስ በሬው በማሳው ድንበር ላይ ከቆመ ቀድሞም ድንበሩን ያውቅ ነበር፤ ካለፈ ግን ያቆመው አጥሩ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ፈተና ፊት ሁለት የተሳሳቱ መንገዶች ይታዩናል። የመጀመሪያው «ይህ እኮ አገራችን አይደለም» የሚለው ነው። በዚህ አስተሳሰብ ሐቀኝነት የዘመድ ዕዳ ብቻ ነው፤ ባዕድ መንግሥት፣ ባዕድ አሠሪ፣ ባዕድ ትምህርት ቤት ቢታለል እንደ ኃጢአት አይቆጠርም። የቅኝ ግዛትንና የዘረኝነትን ታሪክ እየጠቀሰ ለራሱ ፈቃድ የሚሰጥ ሰውም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ታማኝነት እንደ ኪሳችን ገንዘብ ድንበር ስንሻገር የሚመነዘር ነገር አይደለም። በባዕድ ላይ መዋሸትን የተማረ አንደበት ወደ ወገኑ ሲዞር የቀድሞ ንጽሕናውን አያገኘውም፤ ምክንያቱም የሚለወጠው ተናጋሪው ራሱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ምልክቱን አጥብቆ ይዞ ነገሩን መልቀቅ ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ እንዲጾም ሥርዓቱ ያዛል፤ በባዕድ አገር፣ በሌሊት ሥራና በትምህርት መካከል ይህን መጠበቅ ቀላል ተጋድሎ አይደለም። ወንጌላውያን ወንድሞቻችንም ከመጠጥና ከጭፈራ በመራቅ ራሳቸውን ይገዛሉ። እነዚህን የምናከብራቸው ናቸው። ግን ዓርብ ቀን ወተት እንዳይነካው የምግቡን ዝርዝር መርምሮ የሚያነብ ሰው፣ ያልሠራበትን ሰዓት በሥራ መዝገብ ላይ ሲጽፍ እጁ ካልተንቀጠቀጠ፣ ጾሙ ወደ ውስጥ አልገባም። ማተቡ ከአንገቱ አልወረደም፤ ወደ ልቡም አልደረሰም።

አንዳንዶች ይህን ሁለትነት ከባህላችን ጋር ያያይዙታል። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራው ባህል ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ «ሰምና ወርቅ»ን ከመረጠ ወዲህ፣ አንድ ነገር ተናግሮ ሌላ ማሰብ የተፈጥሯችን ጠባይ እንደ ሆነ የሚያወሩ በዝተዋል። ይህ ቅኔን አለማወቅ ነው። በቅኔ ቤት ሰሙም ወርቁም ለሰሚው ተሰጥተዋል፤ ባለ ቅኔው ወርቁ እንዲገኝለት ይፈልጋል፤ ካልተገኘለት ያዝናል። ዋሾ ግን ወርቁ እንዳይገኝ ይጸልያል። የቅኔ ምሥጢር ሰሚውን ያከብረዋል፤ ውሸት ግን ይንቀዋል። ስለዚህ ለማጭበርበር ምክንያት የሚሻ ሰው ከቅኔ ሊቃውንት ዘንድ ድጋፍ አያገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። እውነተኛነት ማለት የተጠየቁትን ሁሉ፣ ለጠየቀ ሁሉ፣ እንዳለ መናገር ነውን? ቅዱስ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ395 ገደማ ስለ ውሸት በጻፈው ድርሳን፣ ነፍስ ለማዳን እንኳ ቢሆን መዋሸት ኃጢአት ነው ብሎ አስተማረ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ ወዳጅህን ሊገድል የመጣ ሰው ወዳጅህ ከቤት እንዳለ ቢጠይቅህ ለእርሱም ቢሆን መዋሸት አይገባም እስከ ማለት ደርሷል።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን በአገራችን ከተሞች ይህ ጥያቄ በፍልስፍና ክፍል የሚነሣ ምሳሌ አልነበረም። ልጇን በቆጥ ላይ ወይም በጎረቤት ጓዳ ደብቃ፣ በሩን ለሚያንኳኳው አብዮት ጠባቂ «ከወጣ ሰንብቷል» ያለች እናት ሐሰተኛ ነበረችን? መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የዕብራውያንን ወንዶች ልጆች እንዲገድሉ የታዘዙት አዋላጆች ፈርዖንን አታልለው ሕፃናቱን እንዳዳኑ፣ እግዚአብሔርም በጎ እንዳደረገላቸው ይተርካል። በኢያሪኮ የነበረችው ረዓብም ሰላዮቹን ደብቃ ስታበቃ ሄደዋል አለች፤ ስሟም ከእምነት አባቶች ጋር ተቆጥሯል።

በናዚዎች እጅ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 1945 በስቅላት የተገደለው ጀርመናዊው የሃይማኖት ምሁር ዲትሪክ ቦንሄፈር እስር ቤት ሳለ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ጽፏል። ቦንሄፈርም የስደትን በር ያየ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1939 ኒውዮርክ ደርሶ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ በፈቃዱ ወደ አገሩ ተመልሷል። እርሱ የሰጠው ምሳሌ በክፍል ውስጥ በተማሪዎች ፊት «አባትህ ሰክሮ ይመጣልን?» ተብሎ የተጠየቀ ሕፃን ነው። ነገሩ እውነት ቢሆንም ሕፃኑ አይደለም ይላል። ቦንሄፈር እንደሚለው፣ መምህሩ የመጠየቅ ሥልጣን ሳይኖረው የቤተሰቡን ገመና ስለ ደፈረ፣ ከሕፃኑ ሐሰት ይልቅ ጥፋቱ የመምህሩ ነው። እውነት የሚነገረው በባዶ ሜዳ ሳይሆን በሰውና በሰው መካከል ባለው ግንኙነት ውስጥ ነውና።

ይህ ትምህርት ጥልቅ ነው፤ አደገኛም ነው። «ጠያቂዬ የመጠየቅ ሥልጣን የለውም» ማለት ለማንም አጭበርባሪ የሚመች መሸሸጊያ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቀላል መለኪያ ብንጨምርበት መልካም ይመስለናል፤ ይኸውም ዋጋውን ማን ይከፍላል? ብሎ መጠየቅ ነው። ልጇን የደበቀች እናት ብትያዝ የምትሞተው እርሷ ናት፤ የምታተርፈው የሌላውን ነፍስ ነው። አዋላጆቹም ረዓብም አንገታቸውን አስይዘዋል። ለጥቅሙ የሚዋሽ ሰው ግን የሚያተርፈው እርሱ፣ የሚከፍለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቃል መልኩ ሐሰት ቢሆንም ውስጡ ፍቅር ነው። ሁለተኛው አንዳንድ ጊዜ መልኩ እውነት ቢመስልም ውስጡ ስርቆት ነው።

በዚህ መለኪያ የስደታችንን ዋና ጉዳይ እንመልከት። እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት ጥገኝነትን የሚሰጠው በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ክፍል አባል በመሆን ወይም በፖለቲካ አስተሳሰብ ምክንያት ለሚሳደድ ሰው ነው። ረኃብና ሥራ አጥነት፣ የልጆች ያለ ተስፋ ማደግ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ እውነተኛ መከራ ያለበት ነገር ግን መከራው ከቅጹ ጋር የማይገጥምለት ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ኑሮው ከተደላደለለት ወንበር ላይ ሆኖ መኮነን ክርስቲያናዊ አይደለም። ሕጉ ራሱ የሰውን መከራ ከፋፍሎ ግማሹን ብቻ እንደሚሰማ መናገርም የእውነት ክፍል ነው።

ነገር ግን ይህን ክፍተት ተከትሎ የተፈጠረ ንግድ አለ፤ የእስርና የግርፋት ታሪክ እየተፈጠረ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀዳ የሚሸጥበት ነው። ዋጋውን ማን ይከፍላል? አንድ ዓይነት ታሪክ ደጋግሞ የሰማ መርማሪ ጆሮው ይደነድናል፤ በኋላ በእርግጥ የተገረፈው ሰው ገብቶ ጀርባውን ሲያሳይ በጥርጣሬ ይመለከተዋል። ሐሰተኛው ምስክር የወሰደው የመንግሥትን ወረቀት ብቻ ሳይሆን የተሰቃየውን ወንድሙን ተአማኒነት ነው። ከዚህም በላይ ብዙ ጊዜ የራሱን እውነት ያበላሻል። በጥገኝነት ምርመራ ከፍተኛ ቦታ ያለው የቃል መስማማት ነው፤ እውነተኛ ታሪክ ያለው ሰው በምክር አቀባዮች ግፊት አንድ ያልሆነ ነገር ቢቀጥልበትና ቃሉ ቢጋጭ እውነቱም አብሮ ይጣላል። ስለዚህ አዲስ ለመጣ ወገናችን ልንሰጠው የሚገባን እርዳታ የተዘጋጀ ታሪክ አይደለም፤ የራሱን ታሪክ በሙሉ፣ በቅደም ተከተልና ያለ ፍርሃት እንዲናገር አብሮ መቀመጥ፣ ሕግ ዐዋቂ መፈለግ፣ በታማኝነት ማስተርጐም ነው። ማስተርጐም ራሱ ታላቅ አደራ ነው፤ የሰውን ዕድሜ በአንደበት መሸከም ነውና።

ሐሰተኛ ታሪክ ይዞ የኖረ ሰው ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት። ያልሆነውን ሰው ሆኖ ለዓመታት ይኖራል፤ ያላረገዘውን ሐዘን ያስታምማል፤ ልጆቹ ስለ አገሩና ስለ ወጣትነቱ ሲጠይቁት የትኛውን ሕይወት እንደሚነግራቸው ይቸገራል። ከአገር መሰደድ መከራ ነው፤ ከራስ ታሪክ መሰደድ ግን ከዚያ የከፋ ነው።

በሌላ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሄዱትን እኅቶቻችንን እናስብ። ክርስቲያን ሆነው ሳለ ሥራ እንዲገኝላቸው የእስልምና ስም ተሰጥቷቸው፣ ማተባቸውን ፈትተው የተጓዙ ብዙዎች ናቸው። «ከፋላ» በሚባለው ሥርዓት ፈቃዳቸውና መውጫቸው በአሠሪ እጅ ታስሮ ኖረዋል። ማተብ ያልነው ክር በእርግጥ ከአንገታቸው ወርዷል። ነገር ግን በመለኪያችን ብንመዝነው ዋጋውን የከፈሉት እነርሱ ናቸው፤ ያተረፈው ስማቸውን የለወጠው ደላላ ነው። ከእነዚህ መካከል በዚያ ለእነርሱ ባልሆነ ስም እየተጠሩ የሰውን ልጅ በፍቅር ያሳደጉ፣ የታመመ አዛውንት ያስታመሙ፣ ለወላጆቻቸው ደመወዛቸውን ሳያጎድሉ የላኩ አሉ። ማተብ ከአንገት ወርዶ በልብ ሊኖር እንደሚችል፣ በአንገት ኖሮም ከልብ ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለንም። ክርስቲያናዊ ሐቀኝነት የሚጠይቀው በእነርሱ ላይ መፍረድን ሳይሆን ስማቸውን የሚያስለውጠውን ንግድ መቃወምን ነው።

በጎውንም ማየት ይገባናል። በየተሰደድንበት ከተማ ዕቁብ አለ። አባላቱ በየወሩ ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣለት ገንዘቡን ይወስዳል። በአገር ቤት ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራ ነበር፤ በስደት ግን ብዙ ጊዜ ዋሱ ቃል ብቻ ነው። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ የሚደርስበት ብዙ ነገር የለም። ቢሆንም ዕቁቡ ይኖራል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የድርሻውን ከበላ በኋላም በወሩ መጨረሻ መጥቶ ይጥላል። ከበሉ በኋላ መክፈል፣ አስገዳጅ ሳይኖር ቃልን መፈጸም፣ ይህ ነው የተራ ቀን ሐቀኝነት። አዳራሽ አጽድቶ ያገኘውን ገንዘብ ቆጥሮ ዕቁቡን የሚጥለው ወንድማችን ስለ ግብረ ገብ ድርሳን አልጻፈም፤ የጻፍነው እኛ ግን የምንጽፈው ስለ እርሱ ነው።

በመጨረሻ የማኅበር ሰዎችን በተለይ የሚመለከተውን እናንሣ። የኢትዮጵያ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ በወጡ ጊዜ ለራሳቸው ያልሆነ ጥቅም የጠየቁ መሆናቸው ለዘለዓለም ያስከብራቸዋል። በአገር ውስጥም በውጭም የነበረው የተማሪ እንቅስቃሴ ስለ ንቃተ ኅሊና ብዙ ጽፏል፤ ብዙ ተከራክሯል። በዚያ ሁሉ ክርክር ግን ንቃቱ እየጨመረ ኅሊናው እየተዘነጋ የሄደበት ጊዜ ነበር። የሐሳብ ተቃዋሚ «አድኃሪ»፣ «አናርኪስት»፣ «ባንዳ» የሚል ስም ይለጠፍበት ነበር። ስሙ በመጀመሪያ በወረቀት ላይ ነበር፤ በኋላ በአዲስ አበባ ጎዳና በሬሳ ደረት ላይ ተለጥፎ ተገኘ። በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ የችሎት ሥርዓት ብቻ አለመሆኑን ያ ትውልድ በደሙ አሳይቶናል።

ዛሬም ሰውን «ሰላይ ነው»፣ «የእገሌ ወገን ነው» ብሎ ማማት ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ ወሬውም ከቀድሞው በበለጠ ፍጥነት አገር ያዳርሳል። በስብሰባ ላይ የምናጨበጭብለትን ሰው በጓዳ የምንበላው ከሆነ፣ ለድርጅታችን ስንል የምናውቀውን እውነት የምንሸሽግ ከሆነ፣ ሥርዓትን ለመለወጥ የሚያበቃ ኃይል ከየት እናገኛለን? ለድሀው እንቆማለን የሚል ሰው የማኅበሩን አምስት ብር ሒሳብ በትክክል ማስረከብ ይጠበቅበታል። አገር የሚገነባው ከዚያች አምስት ብር ጀምሮ ነው።

ከላይ ያልነው ሁሉ የማይቻል ሸክም መስሎ ለሚታየው አንባቢ አንድ የመጨረሻ ነገር እንጨምር። ክርስቲያናዊ ሐቀኝነት ያልወደቁ ሰዎች ክብር አይደለም። ይሉኝታ የወደቀን ሰው ይደብቃል ወይም ያባርራል፤ ሌላ የሚያውቀው መንገድ የለውም። በየስብሰባው የነበረው ግለ ሂስ ደግሞ ሰውን በሸንጎ ፊት አዋርዶ ለቀጣዩ ክስ ማስረጃ ይሰበስብ ነበር። ንስሐ ከሁለቱም ይለያል። ጴጥሮስ ከግቢው ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ፤ በኋላም መንጋው የተሰጠው ለዚያው ለካደው ሰው ነው። ቀራጩ ዘኬዎስም ያጭበረበረውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ንስሐውን በእንባ ብቻ አልተወውም፤ ወደ ሒሳብ መዝገብ አወረደው። የተወሰደውን መመለስ፣ የጠፋውን ስም ማቅናት፣ የተነገረውን ሐሰት በዚያው በተነገረበት ቦታ ማረም፤ ንስሐ በተራ ቀን ውስጥ የሚኖረው መልክ ይህን ይመስላል።

እንግዲህ ማንም የማያውቀን አገር መኖራችን እንደ እርግማን ብቻ ሊታይ አይገባም። ጎረቤት በሌለበት የተጠበቀ ቃል የጎረቤት አይደለም፤ የራሳችን ነው፤ ከዚያም አልፎ በስውር ለሚያየው የቀረበ ነው። የሰማዕታቱ እምቢታ በአንድ ሌሊት የተወለደ አይመስለንም፤ ማንም ባላያቸው ብዙ ተራ ቀኖች ያደገ ነው እንላለን። ለእኛ የተሰጡን እነዚያ ተራ ቀኖች ናቸው። ነገ ጠዋት ከፊታችን የሚቀርበው ቅጽ፣ የምንፈርመው የሥራ ሰዓት፣ ስለ ወንድማችን የምንጠየቀው ጥያቄ ማተባችን የሚታይባቸው ቦታዎች ናቸው፤ መልሱንም እያንዳንዳችን በየእጃችን እንጽፋለን።